በረቱና የተደገፈው ሁሉ

እትዬ ኤርሲሊያ ያንን ወይን ጠጅ ይወዱት ነበር? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንስቼዋለሁ፤ መልሱን ግን አላውቅም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ እሱ ሲሟገቱ ኖረዋል። ከዘበኛ ጋር ተጣልተዋል፤ ከቄስ ጋር ተኳርፈዋል፤ ከገዛ ወንድማቸው ጋር አንድ ክረምት ሙሉ በአንድ ገበታ እየበሉ ሳይነጋገሩ ከርመዋል። ሆኖም እሳቸው አንድ ሳህን ሲጨርሱ ያየ ሰው በመላው መንደራችን በቫልሶላ የለም። ይቀዳሉ፣ ወደ አፍንጫቸው ጠጋ ያደርጉታል፣ የሳህኑን ከንፈር በሽርጣቸው ጫፍ ጠረግ ያደርጉና ለሌላ ያቀብላሉ። አንድ ቀን ጎረቤታችን ቤፒ፣ "እትዬ፣ እኛን ሊጨርሱን ነው እንዴ? ለምን አይቀምሱም?" ቢላቸው፣ "የባንክ ዘበኛ ገንዘቡን ይበላል?" ብለው መለሱለት። ከዚያ በኋላ የጠየቃቸው የለም።

ቤታቸው ከቪቸንዛ ከተማ በላይ ካሉት ኮረብቶች በአንዱ ላይ፣ አስፋልቱ አልቆ መንገዱ ጠጠር በሚሆንበት ቦታ ነው። የእኛ ቤት ከፊት ለፊቱ ስለሆነ የሚሆነውን ሁሉ ባንፈልግም እናያለን። የቤቱ ባለቤት የወንድማቸው ልጅ ኦቶሪኖ ነው። እናቱ በሕፃንነቱ ስለሞተችበት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አላገቡም። "ባል ፈልጋ አጣች እንዳትሉ፤ ባል ነው ፈልጎ ያጣኝ" ይላሉ።

ኦቶሪኖ ከቤቱ ጀርባ ባለው ተዳፋት ላይ ነጭ ወይን ያለማል። ቬስፓዮሎ ይባላል፤ ፍሬውን ተርብ ስለሚወደው ስሙን ከተርብ አገኘ ይላሉ። ሕጋዊ ወይን ነው፤ ወረቀት አለው፣ ማኅተም አለው፣ የጎደለው የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። ሜዳው ላይ ያሉት ትልልቅ እርሻዎች እንግዳ በአውቶቡስ ሲቀበሉ፣ ኦቶሪኖ ደጃፍ የሚደርሰው መንገድ የጠፋው ሰው ነው። እሱም አቅጣጫ ጠይቆ ይመለሳል።

ግቢው ውስጥ ግን ሌላ ወይን አለ። በአሮጌው በረት ግድግዳ ላይ ተደግፎ ወጥቶ የግቢውን እኩሌታ እንደ ዳስ ያለበሰ ነው፤ ግንዱ የሰው ጭን ያክላል። ክሊንቶ ነው። በጥንት ጊዜ በሽታ ገብቶ የአገሩን ወይን ሲጨርስ፣ ከባሕር ማዶ መጥቶ ሳይሞት የቀረ ዘር ነው። መድኃኒት አይጠይቅ፣ እንክብካቤ አይሻ፤ ድሃ የሚተክለው ወይን ነበር። ከዚያ መንግሥት ከለከለው። ለቤት መጠጥ ይሁን፣ መሸጥ ግን አይቻልም ተባለ፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። ጥቁር ነው። ቀበሮ ቀበሮ ይሸታል የሚሉ አሉ፤ እንጆሪ እንጆሪ ይላል የሚሉም አሉ። በብርጭቆ አይጠጣም። በነጭ ጎድጓዳ ሳህን ይቀዳል፤ ጠጪው ሳህኑን ዘንበል አድርጎ በጎኑ ላይ የቀረውን ሐምራዊ ቀለም ያያል። ቀለሙ ቶሎ ካልወረደ "ጽፋለች" ይባላል።

በሴት አንቀጽ የሚነገርላት በምክንያት ነው። ዘበኞች በየምድር ቤቱ እየገቡ በርሜል በሚደፉበት ዘመን፣ ቫልሶላ ስሟን ትቶ "አክስት" ይላት ጀመር።

"አክስት እንዴት ናት?"

"ዘንድሮ መረር ብላለች።"

"ልናያት መጥተን ነበር።"

"ምድር ቤት ተኝታለች፤ ቆዩ ልቀስቅሳት።"

ኦቶሪኖ ተወልዶ እትዬ ኤርሲሊያ አክስት ሲባሉ ደግሞ ቤቱ የሁለት አክስቶች ቤት ሆነ። ቢሆንም ሰው አይሳሳትም። "እንዴት ናቸው?" ያለ እሳቸውን ነው፤ "እንዴት ናት?" ያለ ሌላዋን ነው። ይህን መለየት የሚያቅተው የሩቅ እንግዳ ብቻ ነው።

እሑድ እሑድ ሰው ከዳሱ ሥር ይቀመጣል። ነጩን ወይን ያዛል፤ ቋሊማና የተጠበሰ የበቆሎ ገንፎ ይበላል፤ ለበላውና ለጠጣው ለኦቶሪኖ ይከፍላል። ከዚያ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ አክስት ይጠይቃል፤ እትዬ ኤርሲሊያም ጆጉን ይዘው ወደ ምድር ቤት ይወርዳሉ። ለእሷ አይከፈልም። አንድ የሜዳ ሰው በይሉኝታ ከሳህኑ ሥር ሳንቲም ደብቆ ሄደ። እትዬ ኤርሲሊያ ሳህን ሲያነሱ አገኙትና እስከ መታጠፊያው ሮጠው በመኪናው መስታወት ወረወሩለት። "በዚህ ቤት ዘመድ አይሸጥም" አሉት።

ልጅ እግር ሳሉም እንዲሁ ነበሩ ይባላል። ቤፒ ከአባቱ ሰምቶ እንደሚያወራው፣ ዘበኞች መጥተው በርሜሉን ግቢው ውስጥ ደፉት፤ ወይኑም ቁልቁል ወርዶ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተኛ። ቄሱ በእሑዱ ስለ ስካር ሰበኩ። ኤርሲሊያ ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብለው፣ "አባ፣ ጫማዎ ሐምራዊ ነው" አሏቸው። ቤፒ ወሬ ላይ ጨው ማብዛት ይወዳል፤ ይህችኛዋን ግን ሌሎችም ሲያወሯት ሰምቻለሁ።

ከዚያ ማኅበሩ መጣ። የኮረብታው ወይን አምራቾች ተሰብስበው ሰው የማያውቃቸውን ትንንሽ ቤቶች የሚያገናኝ መንገድ ሊያበጁ ተስማሙ። ካርታ ይታተማል፤ እንግዳ ካርታውን ይዞ ከቤት ቤት ይዞራል። ኦቶሪኖ ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። የመስኮቱን መዝጊያዎች አረንጓዴ ቀባ፤ እግራቸው ረዣዥም የሆነ ብርጭቆዎች ገዛ። እትዬ ኤርሲሊያ ብርጭቆዎቹን አዩና፣ "እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው? ሽመላ ነው የገዛኸው?" አሉት።

ማኅበሩ ቤቶቹን እንድታጣራ የላካት ሎሬዳና የምትባል ሴት ነበረች። ከተማ ትኑር እንጂ አያቷ የማዶው ኮረብታ ሰው ነበሩ። ሥራዋን ታውቃለች፤ በቦት ጫማ እስከ ተዳፋቱ ጫፍ ወጥታ አፈሩን በእጇ ፈርፍራ አይታለች። የምትመለሰው በመስከረም፣ ለቀማው ከመጀመሩ በፊት ባለው እሑድ፣ ጥቂት እንግዶች ይዛ መንገዱን ለመሞከር ነበር። ኦቶሪኖ በዋዜማው በየቤቱ እየዞረ ለመነን።

"ነገ ስለ አክስት ማንም እንዳይተነፍስ።"

"ስለ የትኛዋ?" አለው ቤፒ።

"ስለ ሁለቱም።"

እሑድ ቀትር ላይ ከዳሱ ሥር ተሰበሰብን። ሎሬዳና ከጠረጴዛው ራስጌ ተቀመጠች። ከእንግዶቹ አንዱ ስለ ወይን በጋዜጣ የሚጽፍ ሽበታም ኦስትሪያዊ ነበር፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሁሉን ነገር በአክብሮት ያያል። ኦቶሪኖ ነጩን ቀዳ። ሎሬዳና ቀመሰች፣ ደግማ ቀመሰች።

"አቶ ኦቶሪኖ፣ ይህ ወይን እስከ ዛሬ የት ተደብቆ ነበር?" አለች።

የኦቶሪኖ ጆሮ እንደ ቲማቲም ቀላ። ሃያ ዓመት ሲጠብቀው የኖረው ቃል እሱ ነበር። ማንም ሳያዘው ሌላ ቋሊማ መቁረጥ ጀመረ።

ያን ጊዜ ኦስትሪያዊው ተነሣ። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈና ወደ እትዬ ኤርሲሊያ ዞሮ እጅ ነሣ።

"እመቤቴ፣ አክስትዎ እንዴት ናቸው?"

"ናቸው" ነው ያለው። እትዬ ኤርሲሊያ ራሳቸው ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ናቸው።

"የማን አክስት?" አሉት።

"የቤቱ አክስት። ታች መንደሩ ቡና ቤት ያሉት ሰዎች ሳልጠይቃቸው እንዳልመለስ ነገሩኝ።"

ኦቶሪኖ ቢላዋውን አስቀመጠ። ቤፒ ግን ሲፈጥረው አፉን መያዝ አይችልም። ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተክሎ፣ "ምድር ቤት ናቸው። ባሉጥ እንጨት ውስጥ ተጋድመዋል" አለ።

ኦስትሪያዊው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አደረገ። "አዝናለሁ፣ አላወቅሁም ነበር። መቼ ነው ያረፉት?"

"አምና ለቀማው እንዳለቀ። ሁላችንም ነበርን፤ በእግራችን ረግጠን ነው ያስገባናቸው።"

አንዱ ገንፎው ትን አለው። ሌላው ፊቱን በመሐረብ ሸፈነ። እንግዶቹ ለቅሶ መስሏቸው አቀርቅረዋል። ሎሬዳና ብርጭቆዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች፤ የኮረብታ ልጅ ናትና ገብቷታል፤ እንደገባትም ሁላችንም አይተናል። ኦቶሪኖ ይህን ሲያይ ቸኮለ።

"አንዲት አሮጊት ዘመዳችን ነበሩ" አለ። "ሞተዋል። ቆይቷል።"

እትዬ ኤርሲሊያ ቀና ብለው አዩት። ልጅ ሳለ ሲዋሽ እንደዚያ ያዩት እንደነበር አውቃለሁ፤ ሰው ሁሉ ያውቃል።

"ሞታለች ነው ያልከው?"

"አክስቴ፣ እባክሽ።"

ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ጆግ ሙሉ ይዘው፣ ነጫጭ ሳህኖቹን በክንዳቸው ደራርበው ወጡ። ከሎሬዳና ፊት ደረደሯቸው፤ ቀዱ።

"ይቺውና። አልሞተችም።"

"እማማ፣ ይህን ገበታ ላይ ማየት አይገባኝም" አለች ሎሬዳና።

"እንግዲያው አትይው፤ ጠጪው።"

ሎሬዳና አልነካችውም። ኦስትሪያዊው ግን ነገሩ አሁን ተገለጠለትና ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ ጨለጠ። ፊቱ ተጨማደደ፤ ጢሙ ሐምራዊ ሆነ። "በሕይወቴ እንዲህ ያለ ክፉ ነገር ቀምሼ አላውቅም" አለ፤ ሳህኑንም መልሶ ዘረጋላቸው። ቀዱለት።

ሎሬዳና ልትሄድ ስትነሣ ኦቶሪኖን ወደ በሩ ወሰድ አደረገችው። እትዬ ኤርሲሊያም ማንም ሳይጠራቸው ተከተሉ።

"ነጩ ወይንዎ ካርታው ላይ ቦታ ይገባዋል" አለችው ሎሬዳና። "ይህን እኔ እመሰክራለሁ። የማኅበሩ ደንብ ግን በአባል ቤት ግቢ ውስጥ የተከለከለ ሐረግ አይኑር ይላል። አንዱ ቤት ሲቀጣ የሁሉም ስም ይጠፋል። በቅዱስ ማርቲኖ ቀን ተመልሼ እመጣለሁ። ዳሱ ካለ ቤቱ ካርታው ላይ የለም።"

"አይኖርም" አለ ኦቶሪኖ።

"ማን ነው አይኖርም ያለው?" አሉ እትዬ ኤርሲሊያ።

ለቀማው ተጀምሮ እስኪያልቅ ድረስ በዚያ ቤት የሚሰማው ይኸው ክርክር ነበር። ነጩን ለቀሙ፣ ጥቁሯንም ለቀሙ፤ ሲለቅሙም ይጨቃጨቃሉ። እኛ አጥሩን ተደግፈን እንሰማለን።

"አክስቴ፣ አንድ ዳስ እኮ ነው።"

"አንተም አንድ ልጅ ነበርክ።"

"በቀልድ አትመልሺልኝ። ይህን ወይን የሚያውቅልኝ ካላገኘሁ ተዳፋቱን ለሜዳ ሰዎች እሸጣለሁ። መሬቱ ከሄደ ዳስሽ ለማን ነው? ለመኪና ማቆሚያ?"

እውነቱን ነው፤ የሜዳ ሰዎች ሁለት ጊዜ መጥተው ጠይቀውታል። እትዬ ኤርሲሊያ የያዙትን ዘለላ ቅርጫት ውስጥ ጣሉና፣ "መጋዙን የት አደረግከው?" አሉት።

"ምን ሊያደርግልሽ?"

"ስለቱን ልየው።"

አመጣላቸው። ጥርሱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። "ይህ ቅቤም አይቆርጥ" ብለው መለሱለት። በማግስቱ ኦቶሪኖ ከተማ ወርዶ አዲስ መጋዝ ገዛ። እትዬ ኤርሲሊያ አዩት። ከዚያን ቀን ጀምሮም ዝም አሉ፤ እኛም በቃ፣ ተሸነፉ አልን። ቤፒ እንኳ ቀልድ ቀነሰ።

የተሸነፉ አልነበሩም፤ የአባታቸውን ቃል እያሰቡ ነበር።

አባታቸው ሲሞቱ እንደ አገሩ ልማድ ቤቱም መሬቱም ለወንድ ልጃቸው ሆነ። ያላገባች ሴት ልጅ ግን ባዶ እጇን እንዳትቀር፣ ሽማግሌው በቄሱና በቤፒ አባት ፊት፣ "በረቱና የተደገፈው ሁሉ የኤርሲሊያ ነው" አሉ። ያን ጊዜ ሰው ስቋል ይባላል፤ በረቱ ላይ ተደግፈው የነበሩት ሁለት መንሽና አንድ መሰላል ናቸውና። የክሊንቶዋን ሐረግ ንብረት ብሎ የቆጠራት አልነበረም። በረቱ ግን እስከ ዛሬ በእሳቸው ስም ነው፤ ግብሩንም በየዓመቱ ራሳቸው ሄደው ይከፍላሉ፤ ኦቶሪኖ ይህን እንደ አሮጊት አመል ይቆጥረው ነበር።

የቅዱስ ማርቲኖ ቀን የሚውለው በኅዳር መባቻ ነው። በእኛ አገር ድሮ የጭሰኛ ውል የሚያልቀው በዚያ ቀን ነበር። ጌታው ያላደሰለት ቤተሰብ ጓዙን ጋሪ ላይ ጭኖ ሌላ ጌታ ፍለጋ ይሄዳል። ስለዚህ ቤት መልቀቅ ዛሬም "ማርቲኖ ማድረግ" ይባላል። ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የምድጃው ሰንሰለትና ድስቱ ይወጣል፤ ከዚያ አልጋው፤ በመጨረሻ ዶሮዎቹ። ማርቲኖ ያደረገ ሰው ወደ ለቀቀው ቤት አይመለስም። የረሳው ዕቃ ካለ የተረሳው እዚያው ይቀራል። በዚህ ቃል ማንም አይቀልድም፤ ስንቱ ቤተሰብ እያለቀሰ የተናገረው ቃል ነው።

ያን ቀን ጠዋት ኦቶሪኖ አዲሱን መጋዝ ይዞ ሲወጣ፣ እትዬ ኤርሲሊያ የምድጃውን ሰንሰለት አንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ድስቱን በአንድ ጎማ ጋሪ እየገፉ ግቢውን ሲያቋርጡ አገኛቸው። ቤፒ ከኋላ የአልጋውን እግር ተሸክሟል።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ማርቲኖ እያደረግሁ ነው።"

"ወዴት?"

"ወደ ቤቴ።"

ኦቶሪኖ ጋሪው ወደሚያመራበት ዞሮ አየ። በበረቱ ጣሪያ በኩል የጭስ ቱቦ ወጥቷል፤ ቤፒ ሌሊቱን የገጠመው ነው።

"በረት ውስጥ? በዚህ ብርድ? ላም የኖረበት ቤት ነው እኮ።"

"ላሟ በብርድ አልሞተችም። በእርጅና ነው የሞተችው፤ እኔም እንደዚያው።"

"ሰው ምን ይለኛል?"

"አክስቱን በረት አስገባት ይልሃል። ይበል፤ ውሸት አይደለም።"

ድስቱን አስገቡና ተመለሱ። ከአጥሩ ሥር ድንጋይ እያነሱ ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ በመስመር ደረደሩ። ጎንበስ ቀና ሲሉ ማንም እንዲያግዛቸው አልፈቀዱም። ሲጨርሱ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ።

"ከዚህ ወዲያ ያንተ፣ ከዚህ ወዲህ የእኔ። በረቱና የተደገፈው ሁሉ፤ አያትህ ያሉት ነው። መጋዝህ ይህን ድንጋይ ካለፈ ዘበኛ እጠራብሃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ከዘበኛ ሸሽቻለሁ፤ ዛሬ ግን እኔ ነኝ የምጠራው።"

ኦቶሪኖ ድንጋዩን አየ፤ በረቱን የተደገፈውን ግንድ አየ። ቀስ እያለ ገባው፤ ሲገባውም ሳቀ። በአባል ቤት ግቢ ነው ደንቡ የሚለው፤ ግቢው ደግሞ አሁን ሁለት ሆኗል።

"አንቺ፣ ሰይጣን ነሽ" አለ። መጋዙን ከግድግዳው አስደግፎ ፍራሹን ተሸከመ፤ ዶሮዎቹንም እሱ ራሱ እያባረረ አስገባ። ደስ ብሎት ያፏጭ ነበር። ለአንድ ቀን የሚሆን ጨዋታ መስሎት ነበር።

ሎሬዳና ከቀትር በኋላ መጣች። መኪናዋን አቁማ ገና ሳትወርድ ዓይኗ ዳሱ ላይ አረፈ።

"አልቆረጡትም።"

"የእኔ አይደለም" አለ ኦቶሪኖ። "የጎረቤት ነው።"

"የትኛው ጎረቤት?"

"እኔ ነኛ" አሉ እትዬ ኤርሲሊያ ከበረቱ ደፍ ላይ።

ሎሬዳና ወደ ድንጋዩ መስመር ሄደች፤ አልተሻገረችውም። ጭሱን አየች። በበሩ በኩል አልጋውንና ከምሰሶው ላይ የተንጠለጠለውን ሰንሰለት አየች። ሰንሰለቱን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

"እማማ፣ ይህ ለእኔ ተብሎ ነው?"

"ላንቺ ብዬ አልጋዬን አላነሣም። ማርቲኖ አድርጌያለሁ።"

"ነገ ይመለሳሉ?"

"የኔ ልጅ፣ ማርቲኖ አድርጎ የተመለሰ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? አያትሽ ተመልሰዋል?"

የሎሬዳና አያት አራት ጊዜ ጓዛቸውን ጭነው ከኮረብታ ኮረብታ የዞሩ ሴት እንደነበሩ በኋላ ሰማሁ። ሎሬዳና ወደ ኦቶሪኖ ዞረች።

"በእርስዎ ግቢ የተከለከለ ሐረግ አላየሁም። ለማኅበሩ የምነግረው ያየሁትን ነው። ስለ ጎረቤት አልተላክሁም።"

"አንድ ሳህን አትቀምሺም?" አሏት እትዬ ኤርሲሊያ።

"እየነዳሁ ነው፣ እማማ።"

"ይሁን። እሷ አትቸኩልም።"

መኪናዋ ጠጠሩን ጨርሶ አስፋልት ላይ እስኪወጣ ኦቶሪኖ አልተነቃነቀም። ከዚያ ቤት ገብቶ አንድ የነጩን ጠርሙስ ከፍቶ መጣ፤ ለቤፒ ቀዳ፣ ለእኔም ቀዳ። ብርጭቆ ይዞ እስከ ድንጋዩ ሄደ።

"በይ እንግዲህ፣ አክስቴ። አለቀ። አልጋሽን ልመልሰው።"

"ወዴት?"

"ወደ ቤት ነዋ።"

"ቤቴ ነኝ።"

"አይታለች እኮ፣ ሄዳለች። ካርታው ላይ ገብተናል።"

"አንተ ገብተሃል። ደስ ብሎኛል፤ ወይንህ ጥሩ ነው። እኔ ግን ከተመለስኩ ግቢው አንድ ይሆናል። አንድ ከሆነ ዳሱ ያንተ ነው፤ ያንተ ከሆነ ደግሞ የሚቀጥለው ሰው ሲመጣ መጋዝ ታነሣለህ። ያቺንም ልጅ ዋሽቻታለሁ ማለት ነው።"

"አላነሣም። እምልልሻለሁ።"

"ገበታ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሞታለች አላልክም?"

ኦቶሪኖ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። ወደ ቤፒ ዞሮ፣ "አንተ ንገራት" አለው።

"እኔ ቱቦ ገጣሚ ነኝ" አለ ቤፒ።

ፀሐይዋ ከማዶው ኮረብታ ኋላ ልትገባ ነበር፤ ብርዱ ጠጠሩ ላይ መውረድ ጀምሯል። ኦቶሪኖ ወደ ውስጥ ገብቶ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ይዞ ወጣ። እትዬ ኤርሲሊያ በክረምት ያለ እሱ ተኝተው አያውቁም፤ ጠዋት ሲቸኩሉ ሣጥኑ ላይ ረስተውት ነበር።

"ይህን ረስተሽዋል።"

ብርድ ልብሱን አዩት። እጃቸው ትንሽ ተነሣ፤ መልሰው ሽርጣቸው ኪስ ከተቱት።

"የተረሳው ይቀራል።"

"አክስቴ፣ ትታመሚያለሽ።"

"የተረሳው ይቀራል አልኩህ።"

በሩን ሊዘጉ ነበር። ኦቶሪኖ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ተመለሰ። ከወዲያኛው ወገን ከድንጋዩ ራቅ ብሎ ቆመና ብርድ ልብሱን በሥርዓት አጠፈ። እንደገና መጣ፤ አሁን ግን አዲስ ጎረቤት ደጅ እንደሚቆም ሰው ኮፍያውን አውልቆ ነበር።

"እንኳን ደህና መጡ፣ ጎረቤት" አለ። "እዚህ ማዶ ነው የምኖረው። ኦቶሪኖ እባላለሁ። ቤት ለገባ ሰው ባዶ እጅ አይመጣም ብዬ ነው።"

ሲስቅ ይሁን ሲያለቅስ ጨለምለም ስላለ አልለየሁም። አንቱ ያላቸው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

እትዬ ኤርሲሊያ እጃቸውን ከሽርጣቸው አውጥተው ተቀበሉት።

"ስጦታ ከሆነ ደግ" አሉ። "መጋዝህን ከመስመሬ አርቀው።"

በሩ ተዘጋ። እኛ ሦስታችን ጠርሙሱን ለመጨረስ ከውጭ ቆየን። ከውስጥ እንጨት ምድጃ ውስጥ ሲገባ፣ ዶሮዎች በአዲሱ ቤት አልሰፍርም ሲሉ፣ እሳቸውም ሲቆጧቸው ይሰማል። ከዚያ አልጋው ተንቋቋ፤ የቤተ ክርስቲያኑ የማታ ደወል ተደወለ፤ ቤፒ ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። አሥራ አንድ ሰዓት ነበር፤ ሰማዩ ገና ፈጽሞ አልጨለመም። እትዬ ኤርሲሊያ ተኝተዋል።